ዩኒ-ቲ ዩቲ210ኢ ክላምፕ ሜትር፦ ባለቤቱ ያልታወቀ ሽቦ ለሞላው ቅጥቅጥ

ከባሕር ዳር በዳንግላና በቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም በአዴትና በሞጣ ዞሮ ወደ ደጀን የሚመላለስ የቆየ ቅጥቅጥ ሁለት ዓይነት ሽቦ አለው። አንደኛው አይሱዙ ኤንፒአሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ነው፤ ቀለሙም፣ ውፍረቱም፣ የሚያልፍበት ቦታም ሥርዓት አለው። ሁለተኛው ቦዲ ሠሪው፣ ከእሱም በኋላ መኪናውን ተራ በተራ የገዙት ሰዎች የጨመሩት ነው፦ የሳሎን መብራት፣ የውራጅ ደወል፣ አምፕሊፋየር፣ ቴሌቪዥን፣ የስልክ ቻርጀር፣ ፓውዛ። ለዚህኛው የሽቦ ሥዕል የለም። በአውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ በጥገና መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ የቅጥቅጥ መዝገብ ግን የቀድሞው ሾፌር ትዝታ ነው፣ እሱም ስልኩን ቀይሯል።

አቤቱታውም አንድ ዓይነት ነው፦ መኪናው ሁለት ቀን ከቆመ በእንጅባራ ወይም በማርቆስ የጠዋት ብርድ ሞተሪኖው አያዞርም፤ ባትሪ ተቀየረ፣ ዲናሞ ተፈታ፣ ለውጥ የለም። እንዲህ ያለውን መኪና ውሉን ለማግኘት ዩቲ210ኢን እንመክራለን። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ባሕሪውን ሳያውቁ የሚጠቀሙበትም ያሳስታል።

ዕቃው ሽቦ ሳይነቀል በመንጋጋው ይዞ ከረንት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ነው፤ ትንሽ ነው፣ በሁለት የሪሞት ባትሪ ይሠራል። የኤሲም (የቤት መስመር) የዲሲም (የባትሪ) ከረንት በ2፣ በ20 እና በ100 አምፔር መደቦች ይለካል። ዋናው ነገር ያ የ2 አምፔር መደብ ነው፦ እስከ 1 ሚሊ አምፔር ድረስ ከፋፍሎ ያሳያል። በገበያ ላይ የሚበዙት ክላምፕ ሜትሮች ለቤትና ለፋብሪካ ኤሌክትሪክ የተሠሩ ናቸው፤ ዲሲ ቢለኩ እንኳ ግማሽ አምፔር የምትሰርቅ ሽቦ ላይ ትርጉም ያለው ቁጥር አይሰጧችሁም። ስትገዙ የመጨረሻዋን ፊደል አጥብቃችሁ እዩ። 210ኤ፣ 210ቢ እና 210ሲ መልካቸው አንድ ሆኖ የሚለኩት የኤሲ ከረንት ብቻ ነው፤ ለመኪና ምንም አይረቡም። 210ዲ ዲሲ ይለካል፣ የ2 አምፔሩ መደብ ግን የለውም። ሱቁ «ያው ነው» ካላችሁ ያው አይደለም።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጣጣ ዜሮው ነው። መንጋጋው ውስጥ ያለው ሴንሰር ማግኔታዊ ኃይልን ስለሚለካ የምድርን ማግኔትም፣ አጠገቡ ያለውን የሻንሲ ብረትም ይሰማል። ምንም ሽቦ ሳይዝ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስታዞሩት ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ዜሮ የሚደረገው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይደለም። መንጋጋውን በሚለካው ሽቦ አጠገብ፣ በሚለካበት አቅጣጫ፣ ዝግ አድርጋችሁ ያዙ፤ የዜሮ ቁልፉን ተጫኑ፤ እጃችሁን ሳታዞሩ ከፍታችሁ ሽቦውን አስገቡ። ስክሪኑ ዲሲ እንደሚል አረጋግጡ። ሌላ ሽቦ ላይ ስትሄዱ እንደገና ዜሮ አድርጉ። ትልቅ ከረንት ካለፈበት መንጋጋው ራሱ ትንሽ ማግኔት ይይዛል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶ ዜሮ ማድረግ ይፈታዋል። የሞተሪኖ ገመድ ላይ አስሮ መኪና ማስነሳት የተከለከለ ነው በሉ፤ ያ ከረንት ከ100 አምፔር በላይ ስለሆነ የምታገኙት ቁጥር የለም፣ ትርፉ የተዛባ ዜሮ ነው።

ከረንቱ በጣም ትንሽ ሲሆንና የሽቦው ርዝመት ሲፈቅድ፣ ሽቦውን አምስት ጊዜ በመንጋጋው ውስጥ አዙሩትና የተነበበውን ለአምስት አካፍሉ። የዜሮው መዛባት ድርሻው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ሌላው የተለመደ ስህተት ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አብሮ መያዝ ነው፤ የሁለቱ ከረንት ተቃራኒ ስለሆነ ይጣፋና ዜሮ ይወጣል። አንድ ሽቦ ብቻ ይያዝ።

አሁን ወደ መኪናው። ኤንፒአሩ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተርታ ተያይዘዋል። ቁልፉ ወጥቶ፣ በሮች ተዘግተው፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፍተው፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ። ከዚያ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሻንሲው በሚወርደው የማሳ ገመድ ላይ ለኩ። ኮምፒውተር የሌለው የቆየ ኤንፒአር ላይ ሰዓትና የሬዲዮ ማስታወሻ የሚወስዱት ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ነው። ጂፒኤስና የፍጥነት መገደቢያ ካለው ትንሽ ይጨምራል፤ እነሱን እንደ ሌባ አትቁጠሩ፣ ማኅተማቸውንም አትንኩ። 0.5 አምፔር ካነበባችሁ ግን በቀን 12 አምፔር-ሰዓት እየወጣ ነው፤ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በአራት ቀን ግማሹ ያልቃል። ያረጀና በብርድ የደከመ ባትሪ ደግሞ አራቱን ቀን አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ክላምፕ ከተለመደው ርካሽ ቢጫ መልቲሜትር የሚበልጥበት ምክንያት ይታያል። በቢጫው ለመለካት ገመዱ ተነቅሎ መሣሪያው መሀል መግባት አለበት። ሲነቀል ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አብሮ ይጠፋል፦ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይለቃል፣ ሳይጠፋ የቆየ አምፕሊፋየር ይተኛል። መልሳችሁ ስታገናኙ መኪናው ጤነኛ ነው፣ ማታ ግን ባትሪው ያልቃል። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ቢጫ ሜትሮች የ10 አምፔር ቀዳዳ ፊውዝ የለውም፤ ራሱ ሜትሩ ላይ ተጽፏል። አንድ ሰው ሳያውቅ ቁልፉን ካዞረ የሜትሩ ገመድ ይቀልጣል።

በጎጃም መንገድ ላይ የሚታዩ ቅጥቅጦች ዋና ምስጢር ሆኖ የሚገኘው ከሁለቱ ባትሪዎች መሀል የተወሰደ 12 ቮልት ነው። ሬዲዮው 12 ቮልት ስለሆነ፣ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ከመግዛት ይልቅ ሁለቱን ባትሪዎች ከሚያገናኘው መሀል ድልድይ ላይ ሽቦ ይቀጠላል። በኋላ ቻርጀሩም፣ ካሜራውም፣ የሞተር ሳይክል መብራት የሆነ ነገርም እዚያው ላይ ይደረባል። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ታችኛው ባትሪ፣ ማለትም ኔጌቲቩ ማሳ ላይ ያለው፣ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ በ28 ቮልት አካባቢ ይሞላል። ድምሩ ስለማይለወጥ ታችኛው ሳይጠግብ ሲቀር ላይኛው ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል። አንዱ ሳይሞላ ቆይቶ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ሌላው ውኃውን ያፈላል። «አንዱ ባትሪ ብቻ ሁልጊዜ ይበላሻል» ከተባላችሁ ባትሪ ሻጩን ከመክሰሳችሁ በፊት ይህን መርምሩ።

ምርመራው በዚህ ክላምፕ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተር ጠፍቶ የላይኛውን ባትሪ ፖዘቲቭ ገመድ ለኩ፤ ቀጥሎ የታችኛውን ባትሪ ኔጌቲቭ ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ከመሀል የሚወጣ ነገር የለም። ላይኛው 0.03፣ ታችኛው 0.38 ካነበበ ልዩነቱ፣ 0.35 አምፔር፣ በመሀሉ ሽቦ እየወጣ ነው። ለዚህ ልኬት መሀል ድልድዩን አትመኑት፤ የተቀጠለው ሽቦ በየትኛው ተርሚናል ላይ እንደታሰረ ንባቡ ይለያያል። ደግሞ የ12 ቮልቱ ዕቃ ማሳውን ከሻንሲ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኔጌቲቩ ተርሚናል ላይ ያሉትን ሽቦዎች ሁሉ ለየብቻ ለክታችሁ ደምሩ። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ የእያንዳንዱን ባትሪ ቮልት ለኩ፦ አንዱ 13.2፣ ሌላው 15 ከሆነ ጉዳዩ ተረጋግጧል። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው፤ ለሬዲዮና ለቻርጀር የ10 አምፔር ይበቃል። እሱም ቢሆን ባዶውን ትንሽ ስለሚወስድ በቁልፍ በሚበራ ሪሌ ይመገብ።

ሬዲዮው ላይ ሌላም ነገር እዩ። ከገበያ የሚገዙ ሬዲዮኖች ላይ ቢጫው ሽቦ ቋሚ፣ ቀዩ ከቁልፍ ጋር የሚበራ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው። ቁልፍ ሳይገባ ሙዚቃ እንዲጫወት ተብሎ ቢጫና ቀዩ አንድ ላይ ተጠምዝዘው ከቋሚ መስመር ጋር ከታሰሩ ሬዲዮው ተኝቶ አያውቅም።

ቁጥሩ ራሱ ማን እንደሚወስድ ፍንጭ ይሰጣል፣ የ2 አምፔሩን መደብ የምንወደውም ለዚህ ነው። በ24 ቮልት 5 ዋት አምፖል 0.2 አምፔር፣ 10 ዋት 0.4፣ 21 ዋት የፍሬን ወይም የፍሬቻ አምፖል 0.9 አካባቢ ይወስዳል። 0.07 ወይም 0.08 ካያችሁ ጠመዝማዛው የበራ ሪሌ ጠርጥሩ፤ በእጃችሁ ስትነኩት ሞቅ ይላል።

ቀጥሎ መስመሩን መለየት ነው፤ እዚህ ቢጫው ሜትር ይመለሳል። ፊውዝ መንቀል አያስፈልግም። 200 ሚሊ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በፊውዙ ጀርባ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች ንኩ። ከረንት የሚያልፍበት ፊውዝ ላይ ትንሽ ቮልት ይቀራል። ባለ 10 አምፔር ጠፍጣፋ ፊውዝ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ኦም ስለሚሆን 1 ሚሊ ቮልት ማለት ወደ 130 ሚሊ አምፔር ነው። ዜሮ የሚሉትን እያለፋችሁ ሂዱ። ሁሉም ዜሮ ካሉና የማሳው ገመድ አሁንም 0.4 እያለ ከሆነ ሌባው በፊውዝ ሳጥኑ አያልፍም፤ ከባትሪው ተርሚናል በቀጥታ ተወስዷል። በቅጥቅጥ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ይኸኛው ነው፤ ፊውዝም ላይኖረው ይችላል። ፊውዝ የሌለው ቋሚ ሽቦ ጣሪያ ላይ ከብረት ጋር እየተፋተገ ሲሄድ ጉዳዩ የባትሪ ማለቅ መሆኑ ያበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የተጨመረን ሽቦ በዓይን መለየት ይቻላል። የጃፓን መኪኖች ሽቦ ብዙውን ጊዜ ዋና ቀለምና መስመር አለው፤ በአጠቃላይ ጥቁር ለማስነሻና ለማሳ፣ ነጭ ለቻርጅ፣ ቀይ ለመብራት፣ አረንጓዴ ለምልክት፣ ቢጫ ለጌጅ ነው። በፋብሪካው የሽቦ ሥዕል ላይ «ኤል» የምትለዋ ፊደል ሰማያዊ ናት፤ «ቢ» ጥቁር ስለወሰደች። ውፍረታቸውም 0.5፣ 0.85፣ 1.25፣ 2፣ 3 እና 5 ካሬ ሚሊ ሜትር እያለ ይሄዳል። ስለዚህ መስመር የሌለው ደማቅ ቀይ፣ ጥንድ የስፒከር ሽቦ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውስጡ አንድ ድፍን መዳብ የሆነ የቤት ሽቦ ካያችሁ የእኛው አገር ጭማሪ ነው። ድፍኑን የቤት ሽቦ ለመኪና ማዋል ጥፋት ነው፤ በጠጠር መንገድ ንቅናቄ እየታጠፈ በላስቲኩ ውስጥ ይሰበራል፣ ከውጭ ግን ጤነኛ ይመስላል። አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የማይሠራ መብራት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያም እንዲሁ፤ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ የክረምቱ ዝናብ በጣሪያ መብራቱ ቀዳዳ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ጫፉ የታየ፣ መነሻው ያልታወቀ ሽቦ ሲገኝ ክላምፑ ጥሩ ዱካ ፈላጊ ይሆናል። ሽቦው ቮልት ካለው ጫፉ ላይ ባለ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል አያይዙ፣ የአምፖሉን ሌላ ጫፍ ማሳ ላይ። ረዳቱ አምፖሉን ሁለት ሰከንድ ያብራ፣ ሁለት ሰከንድ ያጥፋ። እናንተ በፊውዝ ሳጥኑና በባትሪው ዙሪያ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየያዛችሁ ቁጥሩ 0.9፣ ዜሮ፣ 0.9፣ ዜሮ የሚልበትን ፈልጉ። የፍሬቻ ሪሌ አስገብቶ በራሱ እንዲያበራ ማድረግም ይቻላል፤ የስክሪኑ ቁጥር ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ግን የሰው እጅ ይሻላል። ዘዴው የሚረዳው ሽቦዎቹ ታስረው በሚያልፉበት ቦታ ነው፦ ከእስሩ አንድ አንድ ነጥላችሁ መያዝ ትችላላችሁ፣ ላስቲክ መብሳትም አያስፈልግም። የተበሳ ላስቲክ በነሐሴ ውኃ ይገባበታል።

ቮልት የሌለው፣ ሁለቱም ጫፍ የጠፋበት ሽቦ ከሆነ ክላምፑ አይረዳም፤ የሚፈስ ከረንት ከሌለ የሚለካ ነገር የለም። ለዚያ ድምፅ የሚልክ የገመድ ፈላጊ ያስፈልጋል፤ እሱን ስታገናኙ ሽቦው ከባትሪ መነጠሉን አረጋግጡ፣ 24 ቮልት ካገኘው ሊቃጠል ይችላል። በነገራችን ላይ 210ኢ ሳይነካ ኤሌክትሪክ አገኘሁ ብሎ የሚጮኽበት መደብ አለው፤ ሻጮች በእሱ ያስተዋውቁታል። የሚሰማው የኤሲ መስመርን ብቻ ነው። 24 ቮልት ዲሲ አጠገብ ዝም ቢል ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም።

የማሳ ችግርንም በመንጋጋው አታገኙትም። ፍሬን ሲረገጥ የፓርኪንግ መብራት የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ወይም ፍሬቻው ከሌላ መብራት ጋር አብሮ ከተርገበገበ፣ የኋላው መብራት ማሳ ዝጓል። የሜትሩን ቮልት ተጠቀሙ፦ መብራቱ በርቶ ከመብራቱ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካለ ብሎኑን ፈታችሁ ቀለሙንና ዝገቱን ጠርጉ። ቦዲው ተበይዶ የተቀባ ስለሆነ ብዙ ማሳዎች ቀለም ላይ ነው የታሰሩት። የዓባይን በረሃ የሚወርድ መኪና የፍሬን መብራት በዚህ ምክንያት ደብዝዞ መውረዱ ቀልድ አይደለም።

ኮርኒስ ከመፍታታችሁ በፊት በቅድሚያ የሚታዩ ቦታዎች አሉ፦ የባትሪ ሳጥኑ ክዳን ሥር፣ የሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ከበሩ በላይ ያለው የደወልና የመብራት ማብሪያ፣ የፊት መስታወት ላይኛው ሳጥን። የሳሎን መብራቱ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ይነሳል። እጃችሁን ብረት ወዳለበት ስታስገቡ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ንቀሉ፤ ሞተር እየሠራ ግን ባትሪ አይነቀልም፣ የዲናሞውን ዳዮድና ሬጉሌተር ያቃጥላል።

ያገኛችሁትን ሽቦ ወዲያው አትቁረጡ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር ለጥፉ፣ በደብተር ላይ ከየት ወደ የት፣ ስንት አምፔር፣ በየትኛው ፊውዝ ብላችሁ ጻፉ። ያ ደብተር ከመኪናው ጋር ይሸጥ። የሚቆየው ሽቦ ፊውዝ ይግባለት፤ ቦታውም ባትሪው አጠገብ እንጂ ዕቃው አጠገብ አይደለም። መጠኑ የሚወሰነው በሽቦው ነው፦ ለ0.85 ካሬ ባለ 10፣ ለ1.25 ባለ 15፣ ለ2 ካሬ ባለ 20። ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ሲቃጠል ወደ ባለ 30 የሚቀየረው ወይም በመዳብ ክር የሚጠቀለለው እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ከፊውዙ ወደ ዕቃው የሚሄደውን ሽቦ በሙሉ እንደተጎዳ ቁጠሩ።

የዕቃው ሌሎች ጉድለቶች፦ መንጋጋው 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ይይዛል፤ አንድ የባትሪ ገመድ ይገባል፣ ቱቦ የለበሰ ወይም ድርብ ከሆነ አይገባም። ሳይነኩት ሲቆይ ራሱን ያጠፋል፣ ረጅም ክትትል ላይ ያናድዳል፤ ሲበራም ዜሮው እንደገና ይደረጋል። አብረውት የሚመጡት መንኪያ ገመዶች ቀጫጭን ናቸው። ዋጋውም ከቢጫው ብዙ እጥፍ ይወደዳል። አንድ መኪና ብቻ ላለው ባለንብረት ተበድሮ መሥራት ይበቃዋል፤ ጋራዥ ላለው ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚካስ ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ሞክሩት። ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪና ባለ 12 ቮልት 5 ዋት አምፖል ይዛችሁ ሂዱ። ዲሲ 2 አምፔር ላይ ዜሮ አድርጋችሁ አንዱን ሽቦ ያዙ፤ 0.4 አካባቢ ማሳየት አለበት። መሣሪያውን ገልብጣችሁ፣ እንደገና ዜሮ አድርጋችሁ ያዙት፣ ያው ቁጥር በመቀነስ ምልክት ይምጣ። ከፍታችሁ ስትዘጉ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ፣ ወይም የመንጋጋው ሁለት ከንፈሮች በትክክል ካልተገጣጠሙ፣ ሌላ ይውጣላችሁ።